ልጁ ሲያስቸግር ስልጠናው ለማን ነው?

ይሄ ነገር እናንተ ቤት ካልተፈጠረ ጎረቤት ተፈጥሯል።

የ3 ዓመት ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ካርቱን ያያል። እናት ስልኩን ትፈልገዋለች። "በል አምጣ፣ በቃህ" ትላለች። ልጅ አይሰማም። ትደግማለች፣ አሁንም አይሰማም። ስትቀማው መሬት ላይ ተዘርሮ ይንፈራገጣል። "ዋ! እንዳልመጣልህ!" ስትለው ጭራሽ ይብሳል። አያት ከጓዳ ብቅ ብለው "ኧረ በማርያም ስጪው፣ ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ነው!" ይላሉ። እናት "እንካ!" ብላ ስልኩን ትመልስለታለች። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ይገላገላል።

ግን በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ ትምህርት ተሰጥቷል። ልጁ "አጥብቄ ከጮህኩ ይሰጡኛል" የሚለውን ተማረ። እናትም "ከሰጠሁት ዝም ይላል" የሚለውን ተማረች። በሌላ ቀን ደግሞ ትዕግስቷ ያልቅና በጥፊ ትለዋለች፣ ልጁ ደንግጦ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ደግሞ "ዱላ ይሰራል" ብላ ትማራለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም የተማሩትን ይዘው ይገናኛሉ፤ እሱ ጩኸቱን፣ እሷ ጥፊውን ይዛ።

ይህን ቁጭ ብለው የመዘገቡት ጄራልድ ፓተርሰን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ኦሪገን ግዛት ውስጥ ልጆቻቸው ያስቸገሯቸው ቤተሰቦች ዘንድ እየሄዱ፣ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው እየተቀመጡ፣ ማን ምን እንዳደረገና ወዲያው ቀጥሎ ምን እንደመጣ በዝርዝር ይጽፉ ነበር። በ1982 ባወጡት መጽሐፍ የገለጹት ነገር ከላይ ያነበባችሁት ትዕይንት ነው፤ የማስገደድ አዙሪት ልንለው እንችላለን። ልጅ ወላጅን ያስገድዳል፣ ወላጅ ልጅን ያስገድዳል፣ ያሸነፈው ወገን በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ይመጣል።

በአጭሩ፣ ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚጮኸው። ጩኸት ስለሚያዋጣ ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የትንንሽ ልጆችን የባህሪ ችግር ቀድሞ ለመከላከል የሚሰጡት ፕሮግራሞች ልጁን ትተው ወላጁን የሚያሰለጥኑት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይከፋዋል። "እኔ ምን አጠፋሁ?" ይላል። የፕሮግራሞቹ ሃሳብ ግን ወላጅ ጥፋተኛ ነው የሚል አይደለም። አዙሪቱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፣ ከሁለቱ አስቦ መጀመሪያ አካሄዱን መቀየር የሚችለው ትልቁ ሰውዬ ነው። የ3 ዓመቱ ልጅ አይችልም።

አንድ ነገር ከመቀጠላችን በፊት። ትንሽ ልጅ መማታቱ፣ መናከሱና መንፈራገጡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ካናዳዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ትሬምብሌይ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው እንዳሳዩት፣ የሰው ልጅ በእጁና በጥርሱ በብዛት የሚጣላው በጉርምስና ዕድሜው ሳይሆን 2 እና 3 ዓመት አካባቢ ነው። አብዛኛው ልጅ ቃላት ሲያገኝና መጠበቅ ሲለምድ ቀስ በቀስ ይተወዋል። ጥያቄው የማይተወው ጥቂቱ ልጅ ነው። ደግሞ "እልኸኛ ነው፣ አይሰማም" የሚባል ልጅ አንዳንዴ እውነትም ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሆኖ ይገኛል። ንግግሩ ከዘገየ፣ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው መሄድ።

ጆሮ ውስጥ ያለች ድምፅ

እኛ ጋ "ስልጠና" ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አዳራሽ፣ ባነር፣ ፕሮጀክተር፣ የታሸገ ውሃ እና የሻይ ዕረፍት ነው። (አበሉን ሳንረሳ።) ስለዚህ እነዚህ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚሰሩ ማየቱ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም በጭራሽ እንደዛ አይደሉም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮንስታንስ ሃንፍ የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖርትላንድ ከተማ፣ ኦሪገን ውስጥ እናትና ልጅን አንድ ክፍል አስገብተው ያጫውቷቸው ነበር። እሳቸው የሚቀመጡት ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ነው። እናት ጆሮዋ ላይ ትንሽ ማዳመጫ ታደርጋለች። ከዚያ እያንዳንዷ ደቂቃ ላይ "አሁን አመስግኚው"፣ "ይሄን ዝም ብለሽ እለፊው" እየተባለች ትለማመዳለች። ንግግር የለም፣ ማስታወሻ የለም። መኪና መንዳት እንደመማር በሉት፤ አሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ መሪውን የምትይዘው ግን አንቺ ነሽ።

ከእሳቸው ጋር ከሰሩት አንዷ ሺላ አይበርግ ዘዴውን አሳድገው "የወላጅና የልጅ መስተጋብር ቴራፒ" የሚባለውን፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠውን ፕሮግራም መሠረቱ። ካሮሊን ዌብስተር ስትራተን ሲያትል ላይ የሃንፍን አካሄድ ተከትለው ወላጆችን በቡድን ሰብስበው፣ የእውነተኛ ቤተሰቦችን አጫጭር ቪዲዮ እያሳዩ "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" የሚያስብለውን ሌላ ፕሮግራም ሰሩ። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ላይ ማት ሳንደርስ የጀመሩት "ትሪፕል ፒ" ደግሞ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ስማቸው ይለያያል እንጂ ውስጣቸው በጣም ይመሳሰላል። ሁለት ደረጃ አላቸው፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም።

የመጀመሪያው ደረጃ ስለ ቅጣት አንድም ቃል የለውም። ጨዋታ ነው። በየቀኑ 5 ደቂቃ፣ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ፣ ልጁ እየመራ። በአይበርግ ፕሮግራም ወላጅ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለማለፍ በ5 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ምክንያቱን የሚጠራ 10 ምስጋና መስጠት፣ ልጁ የሚያደርገውን 10 ጊዜ በቃል መግለጽ፣ የልጁን ንግግር 10 ጊዜ መልሶ ማስተጋባት አለበት። ጥያቄ፣ ትዕዛዝና ወቀሳ ደግሞ ተደምረው ከ3 መብለጥ የለባቸውም።

ቀላል ይመስላል? ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ቆርኪ እየደረደራችሁ 5 ደቂቃ ሙሉ "ይሄ ምንድነው?"፣ "ስንት ነው?"፣ "እንደዚህ አድርገው"፣ "ኧረ እንደዛ አይደለም" ሳትሉ ቆዩ። ለልጅ የምንናገረው ነገር ምን ያህሉ ፈተናና ትዕዛዝ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ምክንያቱን የሚጠራ ምስጋና ማለት "ጎበዝ!" ብቻ አይደለም። ጎበዝ ቆንጆ ቃል ነው፣ ግን ልጁ ምን አድርጎ ጎበዝ እንደተባለ አያውቅም። "ጫማህን ራስህ በር ጋ ስላስቀመጥክ ጎበዝ" ሲባል ያውቃል፤ ነገም በር ጋ ያስቀምጣል። አንድ እውነት እንናገር፣ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ልጅ ደህና ሲሆን ማንም አያየውም። ዝም ብሎ ከተጫወተ "ተመስገን፣ ዛሬ አረፍን" ተብሎ ይተዋል። ብርጭቆ ሲሰብር ግን መላው ቤተሰብ ይሰበሰባል። ትኩረት ለትንሽ ልጅ ምግብ ነው፤ በደህናው መንገድ ካላገኘው በሚያውቀው መንገድ ያመጣዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትዕዛዝና ገደብ ይመጣል። እዚህም ዝርዝሩ ነው ዋናው። "አታስቸግር"፣ "አርፈህ ተቀመጥ"፣ "ሰው ሁን" የሚሉት ለ3 ዓመት ልጅ ትርጉም የላቸውም። "ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ክተታት" ግን አለው። አንድ በአንድ፣ በረጋ ድምፅ፣ ምን እንደማያደርግ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ መንገር። ከዚያ ሳይደግሙ 5 ሰከንድ መጠበቅ። ካደረገ ወዲያው ማመስገን። ካላደረገ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ "ታይም አውት"፤ ወንበር ላይ ለ3 ደቂቃ መቀመጥ፣ ሲያበቃ ደግሞ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ መፈጸም። ስድብ የለም፣ ጨለማ ክፍል መዝጋት የለም፣ "አያ ጅቦ መጣልህ" የለም። እንደገና ልድገመው፣ ይሄ ያለ መጀመሪያው ደረጃ አይሰራም። ከእናቱ ጋር ጥሩ ጊዜ የሌለው ልጅ ወንበር ላይ 3 ደቂቃ ሲቀመጥ የሚቀርበት ምንም ነገር የለም።

ይህን ነገር ከሁሉ አሳምረው የገለጹት ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። ኬፕታውን ዳር ያሉት ካየሊቻ እና ኒያንጋ የድሃ ሰፈሮች ናቸው፣ ወንጀሉም ከባድ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር እየሰሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ወላጆች የ12 ክፍለ ጊዜ ፕሮግራም አዘጋጁ። ስሙ በኢሲኮሳ ቋንቋ "ሲኖቩዮ" ነው፣ "ደስታ አለን" እንደማለት። ለወላጆቹ የተሳለው ምስል ክብ ጎጆ ቤት ነው። ግድግዳው ጨዋታ፣ ምስጋናና ስለ ስሜት ማውራት ነው። ገደብና ተግሣጽ ክዳኑ ናቸው። ግድግዳ ሳይቆም ክዳን የት ላይ ያርፋል?

እሺ፣ ይሰራል ወይ?

ባብዛኛው አዎ፣ ግን ለሁሉም አይደለም፣ በማንኛውም መልክም አይደለም። ጥናቶቹ የሚገርሙት እዚህ ላይ ነው።

ዌልስ ውስጥ በ11 ድሃ አካባቢዎች ልጆቻቸው 3 እና 4 ዓመት የሆናቸውና የባህሪ ችግር ምልክት ያሳዩ 153 ቤተሰቦች በዕጣ ተከፈሉ። አንዱ ወገን የዌብስተር ስትራተንን የ12 ሳምንት ስልጠና ወዲያው አገኘ፣ ሌላው ተራ ጠበቀ። በ2007 የወጣው ውጤት የሰለጠኑት ቤተሰቦች ልጆች ባህሪ በግልጽ መሻሻሉን አሳየ። ይህ የተገኘው ግን ለወላጆች የሕፃናት ማቆያና ትራንስፖርት ተዘጋጅቶ ነው። ልጇን የምታስቀምጥበት የሌላት እናት ስልጠና እንደማትመጣ ማንም ያውቃል፣ በጀት ሲያዝ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው ይሄ ነው።

ፊንላንድ ደግሞ በስልክ ሞከሩት። እዚያ ማንኛውም ልጅ 4 ዓመት ሲሞላው ጤና ጣቢያ ይታያል። የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ምርመራ ላይ ወላጆችን ስለ ልጃቸው ባህሪ ጠየቁ፤ ከ4,600 በላይ ልጆች ታዩ፣ አስቸጋሪ ባህሪ ካሳዩት ውስጥ 464 ቤተሰቦች ጥናቱ ውስጥ ገቡ። ግማሾቹ ለ11 ሳምንት ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታተሉ፣ በየሳምንቱም አሰልጣኝ እየደወለ "ሳምንቱ እንዴት ነበር? ሞከራችሁት? የቱ ጋ አቃታችሁ?" ይላቸው ነበር። ሌሎቹ ግማሾች አጠቃላይ ምክር ያለበት ድረ ገጽና አንድ የስልክ ጥሪ አገኙ። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከሁለተኛዎቹ በተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን ምክር አግኝቷል። ልዩነቱ የሚለማመደው ትምህርትና በየሳምንቱ የሚደውለው ሰው ነው። ቲክቶክ ላይ ስለ ልጅ አስተዳደግ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አይተን፣ ላይክ አድርገን፣ ለእህታችን ልከን የምናልፈው ሰዎች የምንመሳሰለው ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው።

ያልሰራም አለ። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ችግር ያለበትን ሳይመርጡ ለሁሉም ሞከሩት። ልጆቻቸው 8 ወር የሆናቸው 733 እናቶች ከጥናቱ ገቡ፤ ስልጠናው የደረሳቸው ልጃቸው 15 ወር እስኪሞላው ሦስት አጫጭር ክፍለ ጊዜዎች ተሰጧቸው። ልጆቹ 2 ዓመት ሲሞላቸው ሲለኩ በልጆቹ ባህሪ ላይ ልዩነት አልታየም። የእናቶቹ ኃይለኛ አያያዝና ከልጅ አቅም በላይ መጠበቅ ግን ትንሽ ቀንሶ ተገኝቷል። እኔ ይሄን እንደ ውድቀት አላየውም፤ ግን አንድ ከንቲባ ወይም ሚኒስቴር "ለሁሉም እናት ሦስት ጊዜ ምክር ሰጠን" ብሎ ቢፎክር ልጆቹ ይለወጣሉ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል። ኬፕታውንም ላይ 296 ወላጆች በተሳተፉበት ጥናት ስልጠናው እንዳበቃ የወላጆቹ አያያዝ ተሻሽሎ ታየ፣ ከለውጡ ውስጥ አንዳንዱ ግን ዓመት አልዘለቀም። ድህነቱና ስጋቱ እዚያው ሰፈር ነው ያለው፣ ስልጠናው ግን አልቋል።

እኛስ ቤት?

ቁንጥጫ፣ አለንጋ፣ ማንበርከክ፣ አልፎም በርበሬ ማጠን። ከአንባቢዎቻችን መካከል አንዱንም ያልቀመሰ ካለ እድለኛ ነው። "እኔም ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት" የሚለውን ኮሜንት ከአሁኑ አየዋለሁ። ምናልባት፤ ከጎንህ የተገረፈውና ሰው ያልሆነው የክፍል ጓደኛህ ግን ኮሜንት አይጽፍም። ዱላ ልጁን ወዲያው ዝም ያሰኘዋል፣ በዚህ አንከራከርም። ፓተርሰን ያዩትም ይሄንኑ ነው። ችግሩ ዝምታው ወላጁን እንዲደግመው ያስተምረዋል፣ ልጁን ደግሞ ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ያስተምረዋል፣ ልጁም ታናሹ ላይ ይሞክረዋል።

ሕጋችን ነገሩን መሃል ላይ ትቶታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ይላል። ቤት ግን ተቋም አይደለም። የወንጀል ሕጉ ልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ይቀጣል፣ ተገቢና ሕጋዊ ነው የሚለውን ተግሣጽ ግን ለወላጅ ይፈቅዳል። ተገቢ የት ላይ እንደሚያበቃ አልተለካም። ወደ ስዊድን የሄደ ዘመድ ያላችሁ ልዩነቱን ሰምታችኋል፤ እዚያ ከ1979 ጀምሮ ልጅን መምታት ወላጅም ቢሆን ክልክል ነው። ሕጉ ሲወጣ ማንም አላወቅኩም እንዳይል ወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ታትሟል። ከሕግ ይልቅ ያ ካርቶን ነው የሚገርመኝ፤ ሁሉም ቤት፣ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 17 ዓመት ልጆች ላሏቸው ወላጆች በሙሉ በማስረጃ የተደገፈ ስልጠና እንዲዳረስ ይመክራል፤ በግጭትና በመፈናቀል ውስጥ ላሉ ቤተሰቦችም እንዲሁ። አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሟ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሠራተኞች አሰማርታለች። ትኩረቱ በአመዛኙ ጨዋታ፣ አመጋገብና የአእምሮ እድገት ነው፣ ግን በር የሚያንኳኳ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የፊንላንዱ ጥናት የሚለውም ይሄንኑ ሰው ነው። ከውጭ አገር ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ለስልጠናና ለፈቃድ ውድ ናቸው። የደቡብ አፍሪካው ግን ለትርፍ እስካልዋለ ድረስ በነፃ የሚወሰድ ነው፣ በስልክ መልእክት የሚሰራ ቅጂም አለው።

የእኛ ቤት አንድ ነገር ይለየዋል፣ ልጅ የሚያሳድገው አንድ ሰው አይደለም። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት፣ አክስት፣ ይህን የምታነቡት ታላቅ ወንድምና እህት። ይሄ ሀብት ነው። ግን እናት ከልክላው አያት የሚሰጡበት ቤት ውስጥ ልጁ አይሳሳትም፤ መጮህ ሁልጊዜ ባያዋጣም አንዳንዴ ያዋጣል። አንዳንዴ የሚያዋጣ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያዋጣው ይልቅ ለመተው ይከብዳል፤ ስፖርት ውርርድ የሚቆርጥ ጓደኛ ያለው ይህን ይረዳል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ "ወላጅ" ሲሉ ቤቱን በሙሉ ማለታቸው ነው። አያትን ቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል፣ ልጁ እየጮኸ ሳይሆን ከቡና በኋላ፣ በአክብሮት። "እማዬ፣ ይሄን ሳምንት ብቻ አብረን እንሞክር" ማለት "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ከማለት በጣም ይለያል።

መጀመሪያ ወደነበርንበት ስልክ እንመለስ። ነገ እናት ስልኩን ከመቀማቷ በፊት "ይሄ ካርቱን ሲያልቅ ስልኩን እጄ ላይ ታስቀምጣለህ" ትለዋለች። ሲያልቅ እጇን ትዘረጋለች፣ 5 ሰከንድ ትጠብቃለች። ከሰጠ "ስልኩን ስላስቀመጥክልኝ አመሰግናለሁ፣ ና ቆርኪ እንደርድር።" ካልሰጠ ስልኩ ይወሰዳል፣ ጩኸቱም ይመጣል። እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል። ትናንት 5 ደቂቃ ያለቀሰ ልጅ ዛሬ 20 ደቂቃ ሊያለቅስ ይችላል፣ ምክንያቱም ሲሰራ የነበረው መሣሪያ ለምን እንደተበላሸ አልገባውም፣ አጥብቆ ይሞክረዋል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ያን ቀን ነው። 19ኛዋ ደቂቃ ላይ ስልኩ ከተሰጠው ልጁ 19 ደቂቃ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው። ያን ቀን አያትም፣ ሞግዚትም፣ እናንተም ቤት ካላችሁ ማንም ስልክ እንዳይሰጠው፤ እናትየዋን ግን ቡና አፍልቶ የሚያግዛት ሰው ይኑር።